እናቴን ከገዛ ቤቷ ለማስወጣት የቀረበ ልመና

ለተከበሩ የሠላሳ ሁለት ፎቁ ዋና መሥሪያ ቤት አስተዳዳሪ፤

ክቡርነትዎ በዚያ ከፍታ ላይ ነፋሱ እንዴት ይዞዎታል? ጤናዎ እንዳይጓደል፣ ሊፍትዎም በመሐል ፎቅ እንዳይቆም ከልብ እመኛለሁ። እኔ ከሕንፃዎ ጀርባ፣ በሦስት ወገን በግንብዎ፣ በአራተኛው በወንዝ ገደል ተከብቤ ከእናቴ ጋር የምኖር ልብስ ሰፊ ነኝ። ወደ መንገድ የምንወጣበት ቀጭን መተላለፊያ የእንግዳ መቀበያ አዳራሽዎ ከሆነ ወዲህ ቤቴ የምደርሰው በእብነ በረድ ላይ ተራምጄ ነውና፣ ስለዚህ ክብር አመስግኜ አልጠግብም። ቅሬታዎቼ ጥቂት ናቸው።

፩. በሕንፃዎ ምረቃ ዕለት ሥራ ውዬ ስመለስ የእንግዳ ካርድ ተሰጠኝ፤ እስከ ዛሬም በእንግድነት እገባለሁ። «የመጡበት ጉዳይ» በሚለው ቦታ «ለመኖር» ብዬ ብጽፍ ከዝርዝሩ ውስጥ የለም ስለተባልሁ፣ አሁን «ለስብሰባ» እላለሁ። ከእናቴ ጋር ይኸው ሁለት መቶ ያህል ስብሰባ አካሂደናል፤ ቃለ ጉባኤ ባለመያዛችን ይቅርታ እጠይቃለሁ።

፪. መስተዋትዎ የሚመልሰው ፀሐይ የሰፋሁትን ሁሉ ቀለሙን እያጠበ ይሰጠኛል። ይህን እንኳ ለምጄዋለሁ።

፫. እናቴ ዓይኗን ሞራ ስለጋረደው፣ ከምረቃው ወዲህ ከደጃፏ አልራቀችም። ከዚያ በፊት የያዝንላት የቀዶ ሕክምና ቀጠሮ ባለፈው ማክሰኞ ደርሶ፣ በክንዴ ተደግፋ አዳራሽዎ ብትደርስ ኮምፒውተርዎ አላሳልፍ አላት። መግባቷ አልተመዘገበም፤ ያልገባ ሰው ደግሞ አይወጣም። እናቴ ወደዚያ ቤት በሙሽርነት የገባችው ሕንፃዎ ከመታሰቡ አርባ ዓመት አስቀድሞ ሲሆን፣ ያኔ ካርድ ሳትጠይቅ ዘው ማለቷ ጥፋት መሆኑን አምናለሁ። የጥበቃ ኃላፊዎ ግን መፍትሔ አላጡም፤ መጀመሪያ ትውጣ፣ ቀጥሎ በዋናው በር ገብታ ትመዝገብ፣ ያን ጊዜ መውጣት ትችላለች ብለው በትሕትና አስረዱን። ይህን ለመረዳት ስንሞክር ሦስት ሰዓት ቆመን ቀጠሮው አለፈ። እናቴም ግድግዳዎን እየዳበሰች ተመለሰች።

ሐኪሟ ለመጪው ሰኞ ሌላ ቀጠሮ ሰጥተዋታል። ይህም ካለፈ ዳግም ለማየቷ ዋስትና እንደማይሰጡ ነግረውኛል። ክቡር ሆይ፣ ቀልዱን ለአፍታ ልተወውና፣ ጨንቆኛል። መርፌዬን ይዤ በተቀመጥሁበት ግንብዎ እየቀረበ የሚመጣ እስኪመስለኝ ድረስ ጨንቆኛል።

ጊዜዎን ስለሰዉልኝ እጅ እየነሣሁ፣ ከእናቱ ቤት በእንግድነት፣

ታዛዥ ጎረቤትዎ ልብስ ሰፊው፣ የእንግዳ ካርድ ቁጥር ፻፲፬

ከፊርማ በኋላ የታወሰ፦ የጥበቃ ኃላፊዎ ጠጋ ብለው እንደነገሩኝ፣ መግባቱ ሳይመዘገብ ሊወጣ የሚችለው በጓሮው የጭነት በር የሚያልፍ አሮጌ ዕቃ ብቻ ነው። ስለዚህ ለሰኞ የዕቃ መውጫ ፎርም ሞልቼአለሁ፤ ብዛት አንድ፣ ሁኔታው ያገለገለ፣ በጥንቃቄ የሚያዝ። የቀረው የእርስዎ ፊርማ ነው። «ተመላሽ» በሚለው ሳጥን ላይ ምልክት እንዳደርግ ያዘዘችኝ ራሷ እናቴ ናት፤ ዓይኗ ሲበራ መጀመሪያ ማየት የምትፈልገው እንደ ዕቃ ፈርሞ ያስወጣትን ሰው ፊት ነውና።