ከግድግዳው የወረደው የእትዬ ስም

በሰፈርም በሥራ ቦታም «ጋሼ ውሃ ልክ» እየተባሉ የሚጠሩት ወንድማችን፣ አባታችንና አጎታችን በ1942 ዓ.ም. ከአናጢው አባታቸውና ከልብስ ሰፊዋ እናታቸው ተወለዱ። የተወለዱበት ባለ ሁለት ክፍል ቤት ከወፍጮ ቤቱ ፊት ለፊት ነበር፤ ሕፃኑ ከእናቱ ድምፅ በፊት የወፍጮውን ድምፅ ለየ እያሉ አባታቸው ይቀልዱ እንደነበር ይነገራል። ከእሳቸው በፊት የተወለዱት አንዲት እህት ብቻ ናቸው። እኚህ እህት ሁላችንም «እትዬ» የምንላቸው ሲሆኑ፣ ዛሬ ከፊት ተቀምጠው ይህን እየሰሙ ነው።

ጋሼ ገና ሕፃን ሳሉ እናታቸው ስላረፉ አዝለው ያሳደጓቸው እትዬ ናቸው። ራሳቸው ልጅ ሳሉ ልጅ አሳደጉ። ጋሼ እስከ ስምንተኛ ክፍል ሲማሩ ሒሳባቸው ለጠላት አይስጥ የሚባል ዓይነት ነበር፤ የእጅ ጽሑፋቸው ግን መምህራኑን ያስደንቅ ስለነበር የየክፍሉን በር ቁጥር የሚጽፉት እሳቸው ነበሩ። እትዬ በአዋላጅ ነርስነት ተመርቀው ሥራ በያዙ ጊዜ በመጀመሪያው ደመወዛቸው ለራሳቸው ጫማ አልገዙም። ለወንድማቸው ውሃ ልክ ገዙላቸው። «አባታችን በዓይኑ ገምቶ ነው የሚሠራው፤ አንተ በዚህ ለክተህ ሥራ» አሏቸው። ያ ውሃ ልክ እስከ መጨረሻው ከእጃቸው አልተለየም፤ ስማቸውንም ያገኙት ከእሱ ነው።

በ1963 ዓ.ም. የራሳቸውን ሥራ ቤት ከፍተው የግድግዳ ላይ ጽሑፍ መሥራት ጀመሩ። ፊደሉን ከጣውላ በመጋዝ ይቆርጣሉ፣ በሞረድ ይሞርዳሉ፣ በብርጭቆ ወረቀት ያለሰልሳሉ፣ ቀለም ይቀባሉ፣ ከዚያ አንድ በአንድ ይሰቅላሉ። በመድኃኒት ቤት፣ በባንክና በትምህርት ቤት አዳራሽ ውስጥ ቀና ብላችሁ ያነበባችሁት ብዙው የእሳቸው እጅ ነው። አሮጌ ጽሑፍ ሲለውጡ አንድ የማያፈርሱት ሕግ ነበራቸው። ፊደል ለዓመታት ተሰቅሎ ሲነሳ ከሥሩ ያለው ቀለም ጸሐይ ስላልነካው ደምቆ ይቀራል፤ የወረደው ስም ከሩቅ ይነበባል። ስለዚህ ቀዳዳውን በስቱኮ ደፍነው፣ ግድግዳውን ከጥግ እስከ ጥግ ፈግፍገው፣ ሦስት እጅ ቀለም ሳይቀቡ አዲሱን አይሰቅሉም ነበር።

በ1968 ዓ.ም. ትዳር መሠረቱ። ለሽምግልና በሄዱበት ቀን የአማቾቻቸው ፎቶግራፍ ተንጋዶ ተሰቅሎ ቢያዩ አላስችል ብሏቸው ከሽማግሌዎቹ መካከል ተነስተው አቃኑት። አማታቸው «ይሄ ልጅ ልጃችንን ሊያገባ ነው የመጣው ወይስ ቤታችንን ሊፈትሽ?» ማለታቸው እስከ ዛሬ ያስቃል። ከባለቤታቸው ጋር ሁለት ወንዶችና አንዲት ሴት ወልደው ለወግ ለማዕረግ አበቁ።

እትዬ በ1993 ዓ.ም. ጡረታ ሲወጡ፣ ስንቱን እናት በሰላም ያገላገሉበት የሆስፒታሉ ማዋለጃ ክፍል በስማቸው እንዲጠራ ተወሰነ። ጽሑፉን የሠሩት ጋሼ ናቸው። ፊደሎቹ ከጠንካራ እንጨት ተቆርጠው ሰማያዊ ተቀቡ፤ በመተላለፊያው፣ ምጥ የያዛት ሴት የብረቱን መደገፊያ ጨብጣ ቀና ስትል በምታየው ግድግዳ ላይ ተሰቀሉ። ጋሼ ከመሰላሉ ወርደው እህታቸውን አቅፈው እንደ ሕፃን አለቀሱ።

የሙት ወቃሽ አያድርገንና፣ ከዚህ በኋላ የሚነበበው እንዲነበብ ያዘዙት ራሳቸው ሟቹ ናቸው። «አታለባብሱት» ብለውናል።

በ2003 ዓ.ም. አንድ ባለሀብት ማዋለጃ ክፍሉን ሊያሳድሱ ቃል ገቡ፤ በምላሹም ክፍሉ በእናታቸው ስም እንዲጠራ ጠየቁ። የሆስፒታሉ አስተዳዳሪ ጋሼን አስጠሩና አዲሱ ጽሑፍ በናስ እንዲሠራ መወሰኑን ነገሯቸው። ጋሼ ዕድሜ ልካቸውን እንጨት ሲቆርጡ የኖሩ፣ በናስ የመሥራት ምኞት ግን ያረጀባቸው ሰው ነበሩ። አስተዳዳሪው ንግግራቸውን ሳይጨርሱ ጋሼ «እሺ» አሉ። የእህቴ ስም የት ይሂድ ብለው አልጠየቁም። የጠየቁት የናሱን ውፍረት ነው።

ቤት ገብተው ለባለቤታቸው ሲነግሩ «ሌላ ሰው ከሚነቅለው እኔ ልንቀለው» አሉ። ባለቤታቸው «ለእትዬ ነግረሃታል?» ቢሏቸው «እነግራታለሁ» አሉ። አልነገሩም። ሰማያዊዎቹን ፊደሎች አንድ በአንድ ነቅለው፣ ዓይናቸው እንዳያያቸው፣ ለጽዳት ሠራተኛዋ «ለማገዶ ይሁንሽ» ብለው ሰጡ። ከዚያ እንደ ሕጋቸው ደፈኑ፣ ፈገፈጉ፣ ሦስት እጅ ቀቡ። በዕድሜያቸው እንዲህ ተጠንቅቀው የሠሩት ግድግዳ አልነበረም። ሌላ ሰነፍ ሠራተኛ ቢሆን ኖሮ የእትዬ ስም ደብዘዝ ብሎም ቢሆን በግድግዳው ላይ ይቀር ነበር። በእሳቸው እጅ ግን ምልክቱም ጠፋ። ኋላ ላይ ከሁሉ የበለጠ ያሳፈራቸው ይህ ጥንቃቄያቸው ነበር።

የመጨረሻውን የናስ ፊደል ሰቅለው፣ ውሃ ልኩን ከላዩ አስደግፈው፣ አንድ ዓይናቸውን ጨፍነው ሲያዩ እትዬ በመተላለፊያው ብቅ አሉ። የጎረቤታቸው ልጅ ምጥ ይዟት አብረው መጥተው ነበር። ግድግዳውን አዩ፤ ከዚያ ወንድማቸውን፣ ከዚያ በእጃቸው ያለውን ውሃ ልክ። ጋሼ መሬት ተከፍታ ብትውጠኝ አልኩ ብለውናል። እትዬም «ቀጥ ብሏል» አሉና ምጥ ወደ ያዛት ልጅ ሄዱ።

በምረቃው ቀን ቤተ ዘመዱ ለብሶ ሄዶ አጨብጭቧል። አንድም ሰው ተነስቶ «የቀድሞው ስምስ?» አላለም። ይህም አብሮ ይነበብ።

ከዚያ ቀን ጀምሮ ጋሼ ናስ አልነኩም፤ የእትዬንም ቤት አልረገጡም። ተጣልተው አይደለም፤ ቢጣሉማ ይሻላቸው ነበር። እትዬ ግን እንደ ወትሮው ይመጡ ነበር፤ ሹራብ ሠርተው ይዘው ይመጣሉ፣ የልጆቹን ትምህርት ይጠይቃሉ፣ ሲወጡም «አንተስ መቼ ነው ብቅ የምትለው?» ይላሉ። ጋሼ አንዴ ጉልበቴን ይላሉ፣ አንዴ ሥራ በዛ ይላሉ፣ አንዴ ዝናቡን ያመካኛሉ። በጠራራ ጸሐይ ዝናብ ያመካኙበትም ቀን ነበር። ቤተሰቡ ይስቃል፤ እሳቸው አንገታቸውን ይደፋሉ።

ካለፈው ዓመት ጀምሮ በሳንባ ሕመም አልጋ ላይ ዋሉ። ያስታመሟቸው እትዬ ናቸው። ሰማንያ ዓመት ባለፈው ጉልበታቸው እየተመላለሱ ትራስ አቃኑ፣ ትኩሳት ለኩ፣ ገላ አጠቡ። ጋሼ አንድ ቀን ድፍረት አግኝተው «እትዬ፣ ያ ግድግዳ…» ብለው ጀመሩ። እትዬም «ግድግዳውን ተወውና መድኃኒትህን ዋጥ» አሏቸው። ዋጡ። ያን ዕለት ማታ ልጆቻቸውን ሰብስበው «በቁሜ ያፈርኩበትን ስሞት አንብቡልኝ» ያሉት በዚህ ምክንያት ነው። ባለፈው ማክሰኞ ጠዋት፣ እጃቸው በእህታቸው እጅ እንዳለ፣ በተወለዱ በሰባ አራት ዓመታቸው አረፉ።

ትናንት ለለቅሶ እትዬ ቤት የመጣው ሰው በዝቶ ጓዳቸው ድረስ ቤቱ ተከፈተ። እንግዳ ገብቶበት በማያውቀው በዚያ ክፍል፣ ከአልጋቸው ትይዩ፣ ሰማያዊዎቹ ፊደሎች በግድግዳው ላይ ነበሩ። የጽዳት ሠራተኛዋ አላነደደቻቸውም፤ በአንሶላ ጠቅልላ ያመጣችላቸው ያኔውኑ ነው። የሰቀሏቸው እትዬ ራሳቸው ናቸው፤ አንዱ ወደ ላይ ወጥቷል፣ ሌላው ወርዷል፣ መጨረሻው ሊወድቅ የደረሰ ይመስላል። አናጢው የጋሼ የበኩር ልጅ አላስችል ብሎት የአባቱን ውሃ ልክ አምጥቶ ሊያቃናቸው ሲጠጋ እትዬ እጁን ያዙት። «ተወው ልጄ። እያንጋደድኩ የሰቀልኩት እኮ እሱ ሲያይ አያስችለውም ብዬ ነው። መጥቶ እስኪያቃናው ነበር የምጠብቀው።»

ጋሼ ውሃ ልክ ባለቤታቸውን፣ ሦስት ልጆቻቸውን፣ የልጅ ልጆቻቸውንና ታላቅ እህታቸውን ትተው አልፈዋል። ሕመማቸውን አብራችሁን ለታመማችሁ፣ ዛሬም ለሸኛችኋቸው ሁሉ ቤተሰቡ ምስጋናውን ያቀርባል። እንድናነብ የታዘዝነው የመጨረሻ ቃል ይህ ነው፦ «እትዬ፣ አፍሬ ነው የቀረሁት። ይቅር በይኝ።»

በእህታቸው ደጅ ለመድረስ ያፈሩትን ወንድማችንን ፈጣሪ እንደ እህታቸው በሩን ከፍቶ ይጠብቃቸው፤ እሳቸውም ዛሬስ አይፈሩ፣ ይግቡ። አሜን።