የጾም ባልዲ

ቡራዩ፣ መጋቢት 4 ቀን 2018 ዓ.ም.

ለምወድሽና ለምፈራሽ እናቴ፣

ጉልበትሽ እንዴት ነው? ብርዱስ እንዴት አድርጎሻል? እኔ ደህና ነኝ ብዬ እንዳልጀምር ዛሬ መዋሸት ሰለቸኝ። በስልክ ልነግርሽ ደጋግሜ ሞክሬ አቃተኝ። አንቺ ደግሞ ድምፁን ከፍተሽ ነው የምታወሪው፤ የእኔን ጉድ ጎረቤቱ ሁሉ ከሚሰማ ብዬ ወረቀት ያዝኩ።

እትዬ ብርሃነሽ ስላቋቋሙት ኮምፖስት ሳይነግሩሽ አይቀሩም፤ መቼም አብሮ አደግሽ ካንቺ የሚደብቁት የላቸውም። የግቢው ተከራይ ሁሉ የሽንኩርትና የድንች ልጣጩን፣ የተረፈውን ሁሉ፣ በባልዲ ያጠራቅምና ቅዳሜ ከሰዓት አከራያችን ኦቦ ኦዳ ወደሰጡን ጥግ እናመጣዋለን። መጀመሪያ ሸራ ላይ ይገለበጣል፤ እትዬ ብርሃነሽ በእንጨት እየበተኑ ፌስታሉን ይለቅማሉ። ከዚያ ከገለባና ከእበት ጋር ይከመራል። አምና በስብሶ ጥቁር አፈር ሲሆን ጎመን ተክለንበት ተካፍለን በላን። ደስ ይል ነበር፣ እማዬ። ችግሩ ባልዲ ሚስጥር አይጠብቅም፤ ማን ቤት ምን እንደተበላ ሰፈሩ ሁሉ ያያል።

ባለፈው ቅዳሜ የእኔ ሲገለበጥ የእንቁላል ቅርፊት ወጣ። በሁዳዴ! በወረቀት ጠቅልዬ ከሥር ቀብሬው ነበር፤ ወረቀቱ ርሶ ተፈታ። እትዬ ብርሃነሽ እንጨታቸውን እንደያዙ ቀሩ።

«ናዝራዊት! ይሄ ምንድን ነው?»

ጎረቤቴ ፈቲያ አየት አደረገችኝና፣ «ውይ፣ የእኔ ነው እትዬ! ባልዲዬ ሞልቶብኝ የእሷ ላይ ደፍቼው ነው። ሌሊት ለሱሁር የቀቀልኩት ነው» አለች። ውሸቷን ነው። እኔም፣ አፈር ልብላ፣ ዝም አልኩ።

በዚያ ቢያበቃ ምን ነበረበት! እትዬ ብርሃነሽ «እንቁላል የገባበት አፈር ላይ የበቀለ ጎመን እንዴት ለጾም ይበላል?» ብለው ተነሱ። ኦቦ ኦዳ «ያ ዋቃ! መሬት ደግሞ መቼ ጾሞ ያውቃል? እበቱንስ የምትጾም ላም ናት የሰጠችን?» ቢሉ ማን ይስማቸው። ክምሩ ለሁለት ተከፈለ፤ የጾመኞችና የፈቲያ። የእሷ ከሽንት ቤቱ ጀርባ ይሁን ተባለ። እሷ እኮ ራሷ ጾመኛ ናት፤ ረመዳን ነው፣ ያን ቀን ውሃ እንኳ አፏ አልገባም።

በማግስቱ ላመሰግናት ብሄድ፣ «ተይ ምስጋናውን፤ አንቺ ብቻ በደንብ ብዪ። ብቻሽን አይደለሽም» አለችኝ። ለካ ታውቅ ኖሯል።

እማዬ፣ አርግዣለሁ። አምስተኛ ወሬን ይዣለሁ። ጤና ጣቢያ «ደምሽ አንሷል፣ እንቁላል ብዪ» አሉኝ። ለንስሐ አባቴ ብነግራቸው ጾሙን ይፈቱልኝ ነበር፤ እሳቸውንም አፈርኩ። ኤርምያስን ታስታውሽዋለሽ፤ ሽማግሌ እልካለሁ ብሎ ዶሮሽን በልቶ የሄደው። ነገሩን ስነግረው ስልኩን ቀየረ።

አፍሬያለሁ። ቀና ብለሽ ቤተ ክርስቲያን ስመሽ የምትመለሺው ሴትዮ በእኔ ምክንያት አንገትሽን ልትደፊ ነው። ከዚህ ሁሉ የባሰብኝ ግን የፈቲያ ነገር ነው። የእኔን ነውር ተሸክማ፣ ባልዲዋን አንጠልጥላ ወደ ሽንት ቤቱ ጀርባ ስትሄድ በመስኮት አያታለሁ፤ አሁንም ዝም እላለሁ። አንቺ እንዲህ አድርገሽ አላሳደግሽኝም።

ነገ ቅዳሜ ነው። ቅርፊቱን አልጠቀልለውም፤ ከላይ አድርጌ እወስደዋለሁ። የዚያን ቀኑም የእኔ ነው እላለሁ፣ ለምን እንደበላሁም እናገራለሁ። የፈቲያን ባልዲ ራሴ አምጥቼ ከሁላችን ጋር እገለብጠዋለሁ። እትዬ ብርሃነሽ ወዲያው እንደሚደውሉልሽ አውቃለሁ። ከእሳቸው አፍ ከምትሰሚው ብዬ ነው ይህን መጻፌ። ደብረ ብርሃን ለሚመላለሰው ለሰፈራችን ሹፌር ለጆኒ ዛሬ ማታ እሰጠዋለሁ፤ ማለዳ ስለሚነሳ ባልዲው ሳይገለበጥ እጅሽ ይገባል።

ዕድሜሽን ያርዝምልኝ፤ ጉልበትሽን የምስምበትን ቀን ያምጣልኝ። ምርቃትሽ ቢቀርብኝም እርግማንሽ አይድረሰኝ፤ ልጁ ምን አጠፋ?

ቅዳሜ ማታ እደውላለሁ። ተቆጪኝ፣ ይገባኛል። ድምፁን ብቻ ቀንሺና ጆሮሽ ላይ አድርገሽ ተቆጪኝ። ስልኩን ግን አንሺው፣ እማዬ።

ያሳፈርኩሽ ልጅሽ
ናዝራዊት