የዩዩ ትንፋሽ

ሰኞ

ለመላው የካሌዶኒያን ሮድ ነዋሪ በከባድ ሐዘን እናስታውቃለን፦ እኛ ቤት የምትውል አንዲት ነፍስ በአስም ተጠርጥራለች። ስሟ ዩዩ፣ ዕድሜዋ ዓመት ከስምንት ወር። ያሳመምኳት እኔ ነኝ። ይቺን የመጨረሻዋን ማንም አያውቅም።

ዩዩ ከላያችን የምትኖረው የሊን ልጅ ናት። ቻይኖች ናቸው፣ እንደኛው ለዚህ አገር እንግዶች። ሊን ሥራ ስትሄድ እህቴ ሂሩት ትይዝላታለች፤ በወግ በፈቃድ፣ ሰርተፍኬቷ ግድግዳ ላይ ተሰቅሏል። እኔ ኮሌጅ አቋርጬ ሶፋ ላይ ነኝ። ሥራ ከመፈለግ ልጅ ማበላሸት ይቀላል።

ያስተማርኳት አንድ ነገር ብቻ። እኛ አዎ ስንል ትንፋሽ ወደ ውስጥ ሳብ እናደርግ የለ? «ህእ!» እሱን። ሁለት ሳምንት ሙሉ ብስኩት እያሳየሁ ራሴው ጠያቂ፣ ራሴው «ህእ!» ባይ። ዓርብ ዕለት ቅንድቧን ሰቅላ «ህእ!» አለችልኝ። ቁርጥ የቤተ ክርስቲያን እማማ! በሳቅ ሞትኩ።

ዛሬ ሊን ልትወስዳት መጥታ በቻይንኛ አንድ ነገር ጠየቀቻት። «ህእ!» የሊን ፊት ነጣ። ደግማ ጠየቀቻት። «ህእ!» ቀና ብላ መስኮቱ ጥግ ያለውን ሻጋታ አየች።

«አስም ነው» አለች።

ማክሰኞ

ሊን ለነገ ሐኪም ቡክ አድርጋለች። ሂሩት ሻጋታውን በብሊች፣ ዓይን በሚያቃጥለው በረኪና፣ ስትፈትግ ዋለች። እንባዋ ከብሊቹ ይሁን ከሌላ አልጠየቅኩም።

«ሊን ከወሰደቻት ሌሎቹም እናቶች ይሰማሉ። አለቀልኝ በቃ» አለችኝ።

መናገር ነበረብኝ። ሻይ አፈላሁ።

ዩዩን ላስተዋት ሞከርኩ፤ «ህእ!» ስትል ፊቴን አዞራለሁ። ጨዋታ መሰላት፣ ባሰባት።

ግን ሳያት ዋልኩና አንድ ነገር ገባኝ። ይቺ ልጅ በአፏ ግማሹን ነው የምታወራው። «ያዎ» ትላለች፣ እፈልጋለሁ ማለት ነው። ምኑን? እሱን እጇ ይጨርሰዋል።

«ያዎ»፣ ጣት ወደ መደርደሪያው፦ ብስኩት።
«ያዎ»፣ ሁለት እጅ ወደ ላይ፦ እቀፊኝ።
«ያዎ»፣ መዳፍ ጆሮ ላይ፦ የሂሩት ስልክ።
«ያዎ»፣ ጣት ወደ አፍንጫዬ፦ አፍንጫዬን። አልሰጠሁም።

እናቷም ስታናግራት እንደዚያው ናት፤ አንድ ቃል ጣል ታደርግና ዕቃውን ሳትጠራ በእጇ ታሳያታለች። የኔንም ትንፋሽ እዚያው መሀል ነው የሰካችው። ለእሷ ቀልድ አይደለም፣ ወሬ ነው። እኔ ሞኟ!

ረቡዕ

ሐኪሙ ሳንባዋ ንጹሕ ነው አለ። ተገላገልኩ ብዬ ልዘል ስል ሊን ለሂሩት፦ «ተኝታ አታደርገውም፤ ስታዋራኝ ብቻ ነው። ሆስፒታል ሪፈር አስደርጌያለሁ። እስከዚያ እኔው ጋ ትሁን።»

ከሥራዋ ልትቀር ነው። ሂሩት የዩዩን የቤት ጫማ በፌስታል አድርጋ ሰጠቻት። በሩ ተዘጋ።

ቤቱ ጭር አለ። ቲቪ ከፈትኩ፣ ዘጋሁ፣ ከፈትኩ።

«እትዬ፣ አንድ ነገር ብነግርሽ አትመቺኝም?»

«ምን አጠፋሽ ደግሞ?»

ነገርኳት። አልመታችኝም፣ አልጮኸችም። ሪሞቱን ከእጄ ወስዳ ቲቪውን ዘጋችው። ከዚያ፦ «ነገ ጠዋት ራስሽ ወጥተሽ ትነግሪያታለሽ።»

ሐሙስ

ነገርኳት። ሊን በሩን በግማሽ ከፍታ ሰማችኝ። አላመነችም። ማን ያምናል? ባለፈው ሊፍቱ ተበላሽቷል ብዬ አምስት ፎቅ ያስወጣኋት እኔ ነኝ።

ከኋላዬ ተከትላኝ ወደ ወጣችው ሂሩት ዞረች። «እውነቷን ነው? እናንተ እንደዚህ ነው የምትሉት?»

ሂሩት በጭንቀት፣ ሳታስበው፦ «ህእ!»

ሊን ሂሩትን አየቻት። ከእግሯ ሥር ያለችውን ዩዩን አየቻት። ግድግዳውን ተደግፋ ቁጭ አለች። እያለቀሰች ነው ብዬ ስደነግጥ፣ እየሳቀች ነው። ትንሽም አልቅሳለች።

ሪፈሩን ካንስል ታደርጋለች። ዩዩ ከሰኞ ጀምሮ ትመጣለች። እኔ ከዛሬ ጀምሮ ምንም እንዳላስተምር ተከልክያለሁ፣ ማጨብጨብም ቢሆን።

ሦስት ሌሊት እንቅልፍ ያሳጣኝ ጉዳይ ይኼ ነው፦ አንዲት ልጅ አዎ አለች። ሌላ ምንም የለበትም።