የአባዬ ዐይን እና የእማዬ ዳንቴል

ለአባዬ፣ ሰው ሁሉ «አንቱ» ሲልህ ለእኔ ብቻ «አንተ» እንድልህ ለፈቀድክልኝ፤

በታላቅ የኀላፊነት ስሜት የማሳውቅህ እጅግ ከባድ ጉዳይ አለ። ያለህበት ቦታ መቀመጫ ካለ ተቀምጠህ ስማ። ጉዳዩ ስለ ዐይንህ ነው። ምርመራው ተጠናቆ ዐይንህ ንጹሕ፣ እኔ ደግሞ ጥፋተኛ ሆኜ ተገኝቻለሁ።

ከተለየኸን ዓመት ከአራት ወር ሆነ። እማዬ ቴሌቪዥኑን በነጠላ ሸፍናው ሙት ዓመትህ እስኪወጣ አልተከፈተም። ነጠላው ሲነሣ በቦታው ራሷ የሠራችውን ነጭ ዳንቴል መልሳ አለበሰችው።

እሑድ ከቤተ ክርስቲያን መልስ ከሆዳሙ የድሮ ቴሌቪዥን ፊት ተቀምጠን በመጫወቻው የፕላስቲክ ሽጉጥ መስተዋቱ ላይ የሚበር ወፍ ስናወርድ ትዝ ይለኛል። አንተ ወፎቹን ቆቅ ትላቸው ነበር። «ትንፋሽህን ዋጥ፣ ከዚያ ሳብ» ትለኛለህ። ተራው ያንተ ሲሆን ብብትህን እኮረኩርሃለሁ፤ አንተ ግን አትስትም። ዕድሜህን ሙሉ ጠመንጃ ተሸክመህ ትምህርት ቤት ስትጠብቅ አንድም ቀን ሳትተኩስ ጡረታ ወጣህ፤ ኢላማህን ያየነው በዚያች ፕላስቲክ ብቻ ነው።

ኋላ ሆዳሙ ተቃጠለና ፍላት የሚሉትን ስስ ቴሌቪዥን ገዛን። ከዚያ ቀን ጀምሮ አንዲት ቆቅ አልወደቀችልህም። እኔም «ዐይኑ ጡረታ ወጣ» እያልኩ ጎረቤቱን ሁሉ አሳቅሁብህ። አንተም ሳቅህ። ግን ሽጉጧን በጨርቅ ጠቅልለህ አልጋ ሥር አስገባሃት፤ ለእማዬ መርፌ ላይ ክር ማስገባትም ተውክ።

አባዬ፣ ጉዱን ስማ። ያች ሽጉጥ ለካ ምንም አትተኩስም! ታያለች እንጂ። ሆዳሙ ሥዕሉን የሚሥለው በአንዲት የብርሃን ነጥብ ነው። ነጥቧ እንደ አራሽ ትልም በትልም ከላይ እስከ ታች ትሮጣለች፤ ዐይናችን አይደርስባትም። ሽጉጧ ግን ነጥቧ በፊቷ ስታልፍ ቅጽበቷን ትይዛለች፤ የት እንዳነጣጠርክ በዚያ ይታወቃል። ፍላቱ እንዲያ አይሥልም። ሽጉጧ የማትመጣ ነጥብ ስትጠብቅ ኖራለች። ይህን ኢንተርኔት ላይ ሳነብ አፌን ከፍቼ ቀረሁ። ከዘጠነኛ ክፍል ያባረረኝ ፊዚክስ እንዲህ እንደሚያምር ማን ነግሮኝ!

ስምህን ላነጻ ተነሣሁ። ኮምፒውተር ላይ የድሮውን መጫወቻ መስሎ የሚሠራ ፕሮግራም ጫንኩና ከፍላቱ ጋር አገናኘሁት፤ አፈሙዟ ላይ ትንሽ ካሜራ ያላት ሽጉጥም ከባሕር ዳር አስመጣሁ። ይቺኛዋ በሥዕሉ ዙሪያ የተሠመረውን ነጭ ክፈፍ አይታ ነው የት እንዳነጣጠረች የምታውቀው። መሐሉን ተኮስኩ፣ ማእዘኖቹን ተኮስኩ፣ አስተካከልኩ። ጥይቱ ከቆቋ አንድ ስንዝር ወደ ላይ! እንደገና አስተካክላለሁ፤ ይብሳል። ሦስት ቀን ታገልኩ። የኔም ዐይን ሄደ ብዬ ደነገጥኩ፤ ያን ጊዜ አንተ ምን ተሰምቶህ እንደነበር ገባኝ።

በአራተኛው ቀን እማዬ ልታጥበው ብላ ዳንቴሉን አነሣችው። ተኮስኩ። ቆቋ ወደቀች! ለካ ወረድ ብሎ የተንጠለጠለውን ነጭ ጠርዝ ካሜራዋ የክፈፉ ጫፍ መስሏት ኖሯል፤ ያውም የደብረ ታቦር ነፋስ በበሩ በገባ ቁጥር ይወዛወዛል። እኔ ደግሞ ዳንቴል የሌለው ቴሌቪዥን አይቼ ስለማላውቅ የዕቃው አካል ይመስለኝ ነበር።

ሁሉንም ለእማዬ ነገርኳት። «እንግዲያ ዐይኑ ደህና ነበር?» አለች። ደህና ነበር አልኳት። ሽጉጧን ተቀበለችኝ፤ ትንፋሿን ዋጠች፤ በአንድ ተኩስ አወረደቻት። ልኮረኩራት እንኳ አልደፈርኩም። ዳንቴሉ አሁን ሬዲዮኑ ላይ ነው።

እሑድ እሑድ የመጀመሪያዋ ተኩስ ያንተ ናት፤ ትንፋሼን ውጬ እተኩስልሃለሁ። ኢላማ ስስትም የሰው ዐይን ከመክሰሴ በፊት ዳንቴል እፈልጋለሁ። ከባድ ጉዳይ ያልኩህ ይኸው ነው። እውነቱን ከጠየቅኸኝ ተራ ነገር ነው፤ አንዲት የውሸት ቆቅ ወደቀች፣ ያውም ወዲያው ተነሥታ በረረች።