አባዬና የደከመው ቀፎ

ለታላቅ ወንድሜ፣ ለሰነፉ ደብዳቤ ጸሐፊ፤ እንደምን ከርመሃል? እኛ ንብ ከሚነድፈን ሰዓት በቀር ደህና ነን።

ጸደይ ቢገባም ብርዱ አልወጣም። አንዱ ቀፎ ክፉኛ ደክሞ የቀረው ንብ እፍኝ አይሞላም። «ቀፎ ነካሽ!» ብሎ ጆሮዬን ሲቆነጥጥ የኖረው አባዬ፣ ዘንድሮ ወንበር ላይ ተቀምጦ እኔን ያዛል።

«አንቺ ቀበጥ! ባዶውን የማር እንጀራ አውጪና ቤታቸውን አጥብቢላቸው፣ ይሙቃቸው። የስኳሩን ውሃ ለብ አድርጊው።»

«የሃያ ዓመት ሙያ በሳምንት ልታጎርሰኝ ነው?» አልኩት።

«ዝም ብለሽ ዋጪ» ብሎ ሊስቅ ሲል ሳል አጣደፈው።

የፊት መሸፈኛውንም በእኔ ልክ አጥብቦ ሰፋው። ያን የሚያህል ራሱ ከእንግዲህ አይገባበትም።

ማሩ ሲቆረጥ እመጣለሁ ብለሃል። አባዬም «አይቸኩል» ይላል። ሽማግሌውን አትስማው። ማሩ ይቆይህ፣ አበባው ሲፈካ ድረስልን።

ናፋቂህ፣ ተናዳፊዋ እህትህ