ለአባባ ሸክላ ማጫወቻ የተመረጠው መርፌ

ይድረስ ለወንድሜ ለአንዳርጋቸው፤ የጣና ነፋስ ሰላምታዬን ያድርስልህ። እኛ እግዚአብሔር ይመስገን ደኅና ነን።

የአባባ ሸክላ ማጫወቻ መርፌው ስላለቀ፣ ሹም አቦ ሰፈር ወዳለው ጠጋኝ ከእሳቸው ጋር ሄድን። ጠጋኙ ሁለት መርፌ አስሞከራቸው። እኔ ሸክላውን የማይፍቀውን፣ ለስላሳውን መረጥሁ።

አባባ ግን፣ "በዚህኛው ዘፈኑ ብቻ ነው የሚሰማኝ፤ በዚያኛው እናትሽ ከኋላ ስታንጎራጉር እሰማታለሁ" አሉ። ጠጋኙ እማማን መቅበራችንን አያውቅም፤ እየሳቀ ያንኑ ገጠመላቸው።

ከዚያ ወዲህ ሸክላ ሲያጫውቱ ባዶ ወንበር ያስጠጋሉ። ልቀመጥ ስል፣ "ተይ፣ ሰው አለበት" ይሉኛል።

ለፋሲካ እንደምትመጣ ነገርኋቸው። "የትኛው አንዳርጋቸው?" አሉኝ። ቀልድ እንደሚወዱ ታውቃለህ። ከተቻለህ ግን ከፋሲካው በፊት ና።

ያለህበት ደጅ ሰላም ይሁን።
እህትህ ሥርጉት፣ ከባሕር ዳር