«ቀላል» የሚባለው ጉዳት

ግንቦት 4
እንደ ሁሌው የአደጋ መዝገቡን ሞላሁ። ጫኙ እግሩ ላይ እሽግ ወድቆበት አበጠ... «ቀላል»። ከመስከረም ወዲህ አሥራ ሰባት «ቀላል»። አንድም «ከባድ» የለም። ሥራ አስኪያጁ እንግዳ በመጣ ቁጥር ይኮራበታል። እኔስ? ልዋሽ እንዴ... እኔም ኮርቻለሁ።

ግንቦት 6
የካርቶን መቁረጫው የቶሎቶሎን ሁለት ጣቶች በላ።
ለሥራ ስለምትፈጥን ነው እንዲህ ያልናት። አሥራ አንድ ዓመት አብረን ሠርተናል። ጩኸቷን ቢሮ ሆኜ ሰማሁ። መኪና እስኪመጣ እጇን በፎጣ ጠቅልዬ «አይዞሽ፣ ለክፉ አይሰጥም» እላታለሁ። ምን ማለቴ ነው? ጣቶቿ መሬት ላይ ናቸው እኮ!
ከሰዓት ሥራ አስኪያጁ አስጠራኝ።
«ምን ብለሽ ሞላሽ?»
«ከባድ።»
«ቆይ እንጂ! በሦስተኛው ቀን ሥራ ከገባች ቀላል ነው። ደንቡን ረሳሽው?»
አልረሳሁም። የተየብኩት እኔው ነኝ።

ግንቦት 8
አመጧት! ከነፋሻዋ፣ በድርጅቱ መኪና። ገና ትናንት ነው ከሆስፒታል የወጣችው። በሩ አጠገብ ወንበር ሰጧት። ሥራዋ? መቀመጥ። በግራ እጇ አስፈረሟት።
«ይኸው፣ ገባች» አለኝ ሥራ አስኪያጁ። «በይ አስተካክዪው።»
ደሜ ፈላ። መዝገቡን ሳልነካ ተነሣሁ።
ሻይ ወሰድኩላት። አልነካችውም።
«እህቴ፣ ስንት ጣት ሲሄድ ነው ከባድ የምትሉት?»
«የምትሉት» አለች። እኔንም ጨምራ።

ግንቦት 9
መዝገቡን ከፊት ጀምሬ አነበብኩ። ታኅሣሥ ላይ የማሽን ጠጋኙን ዓይኑን ብረት መታው። በማግስቱ ጥቁር መነጽር አድርገውለት መጋዘን አስቀመጡት። «ቀላል»። እስከ ዛሬ በአንድ ዓይኑ ነው የሚያየው። ማን ጻፈው? ይቺው እጅ!

ግንቦት 12
«ቀላል» አላልኩም። «ከባድ» የሚለውንም ሰረዝኩና እንዲህ ጻፍኩ፦ «የቀኝ እጅ አመልካችና መሃል ጣት ከሥር ተቆርጠዋል። በሦስተኛው ቀን በመኪና አምጥተው ወንበር ላይ አስቀምጠዋታል።» የጠጋኙንም እንዲሁ፣ እንደሆነው። ቅጂውን የመንግሥቱ ሠራተኛና ማኅበራዊ ጉዳይ ቢሮ ራሴ ሄጄ ሰጠሁ።
ሥራ አስኪያጁ ጠረጴዛውን ደበደበ። «ትንሿን ነገር ተራራ ታደርጊያለሽ!»
«እርስዎ ጋ ነው ትንሽ፣ ጌታዬ። እሷ ጋ ሲደርስ ቀኝ እጅ ነው።»
እንዴት አፌ ታዘዘልኝ?

ግንቦት 20
ተቆጣጣሪዎች መጥተው መቁረጫውን አሸጉት። እኔን ከቢሮ አንስተው ዕቃ ቆጠራ መደቡኝ። ይመድቡኝ!
ቶሎቶሎ ቤት ሄድኩ። መታሸጉን ስነግራት «እሰይ» አለች። ትንሿ ልጇ ፀጉሯ ግማሹ ተሠርቶ፣ ግማሹ ተበትኖ ጉልበቷ ሥር ተቀምጣለች።
«እስቲ አንቺ ጨርሽላት» አለችኝ። «እምቢ አለኝ።»
ጎነጎንኩ። ልጅቷ በእጇ ዳበሰችው።
«እንደ እማዬ አይደለም።»
አይደለም። ፈትቼ እንደገና ጀመርኩ።